አራት ስንዝር

በወሩ መባቻ፣ ልክ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ግድግዳው ይሄዳል። በዚህ ምክንያት በሕንፃው የሚኖር ሰው ሁሉ ከሦስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ዕቃውን እየጎተተ ወደ ቤቱ መሀል ይሰበስባል፤ ቁም ሣጥኑን፣ የጫማ መደርደሪያውን፣ ባልዲውን፣ የተጠቀለለውን ፍራሽ። ግድግዳ ላይ ፎቶ የሚሰቅል ሰው ከጠፋ ሃያ ዓመት አልፎታል። ሕፃናት ሳይቀሩ ሰዓቱን ያውቁታል፤ አራት ሊሞላ ሲል ጨዋታቸውን ትተው እናታቸው አጠገብ ይቆማሉ።

ሲሄድ ድምፅ የለውም። የሚሄደውም እንደየቤቱ ጉድለት ነው። ጉድለቱ የከፋ ቤት ይሰፋል፣ ትንሽ የተሻለው ይጠባል። መንግሥት ለዝቅተኛ ኑሮ ነዋሪዎች የሚሰጠውን የኪራይ ድጎማ በብር መስጠት ካቆመ ወዲህ የሚሰጠው በቦታ ነው። ማስታወቂያው ላይ በሴንቲ ሜትር ይጻፋል። ሰዉ ግን የሚለካው በስንዝር ነው፤ "የመንግሥትን ሜትር ባላምን እጄን አምነዋለሁ" ይላል። እጁም ሜትሩም የሚነግሩት ያንኑ መሆኑን አይስተውም፤ ቢሆንም ይለካል።

ድሮ "ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም" ይባል ነበር። አሁን ጉዱ በየወሩ ሆነና ጉድ መባሉም ቀረ።

ኤልዳና ሃያ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ከባሏ ከኪሩቤል ጋር ትኖራለች። ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰባ አንድ ነው፤ እሷ ስድሳ ሦስት ዓመቷ፣ እሱ ስድሳ ሰባት። የዚያ ዘመን ሰው ኤልዳና የሚል ስም ሲሰማ ወዲያው የሚታየው ሽበትና ከዘራ ነው። ወጣቶቹ በተራቸው ወደ ቅድመ አያቶቻቸው ስም ተመልሰው የሺመቤት፣ አስካለ፣ ደባልቄ ሆነዋል።

ኪሩቤል ሴራሚክ አንጣፊ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ሥራ ላይ እያለ ስትሮክ ጥሎት ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ምላሱ ቀስ በቀስ ተመለሰለት፣ እግሩ ግን አልተመለሰም። ኤልዳና በየሦስት ሰዓቱ ታገላብጠዋለች፤ ካልተገላበጠ ጀርባው ይቆስላል። እሱን ለማገላበጥ ደግሞ ከአልጋው ጎን ቆማ፣ አንድ ጉልበቷን ፍራሹ ላይ አድርጋ፣ ወገቧን ማጠፍ አለባት። ይህ አራት ስንዝር ይፈልጋል። ደንቡም ይህንኑ ነው የሚለው። የአልጋ ቁራኛ ባለበት ቤት ከአልጋው ጎን አራት ስንዝር ባዶ ቦታ ከሌለ፣ ቤቱ "ለሕመምተኛ የማይመች" ይባልና ሕመምተኛው ወደ እንክብካቤ ጣቢያ ይወሰዳል። ጣቢያው ከከተማው በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ያስኬዳል፤ ጉብኝት የሚፈቀደው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው። ኤልዳና በዓለም ላይ የምትፈራው ነገር ይህ ብቻ ነበር።

በሰኔ መባቻ ግድግዳው ንቅንቅ አላለም። ኤልዳና ጎንበስ ብላ ከአልጋው እስከ ግድግዳው በእጇ ለካች።

"አምስት ነው?" አለ ኪሩቤል ጣሪያ ጣሪያውን እያየ።

"አምስት።"

"ሁለት ጣት ይጎድለዋል። ከታች ወደዚህ ዘመም ብሏል።"

ሠላሳ አምስት ዓመት ወለል ሲያነጥፍ የኖረ ሰው ነው፤ ተኝቶም ዓይኑ ይለካል። ኤልዳና ደግማ ስትለካው እውነቱን ሆኖ ተገኘ። "አንተ ሰውዬ ሰይጣን አለብህ" ብላ ሳቀችና ዕቃዋን ወደየቦታው መመለስ ጀመረች።

ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ሂክማ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ በልብስ ስፌት መኪናዋ የምትተዳደር፣ ጎረቤት ከሆነቻቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆናት። አንዱ ግድግዳ የሁለቱም ነው። ወደ ኤልዳና ሲመጣ ለሂክማ ይሰፋላታል፤ ወደ ሂክማ ሲሄድ ለኤልዳና። እንዲህ ያለ ነገር ጎረቤትን ያባላል፤ ብዙ ፎቆች ላይም አባልቷል። እነዚህ ሁለቱ ግን በቀልድ ነበር የሚያነሱት።

"አምና የወሰድሽብኝን ስንዝር መቼ ነው የምትመልሽልኝ?" ትላለች ሂክማ።

"ሎተሪ ሲደርሰኝ!" ትላታለች ኤልዳና።

በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ መዛኝ ይመጣል። ቤቶቹ ቀን ከሌት ነዋሪዎቻቸውን እየመዘኑ ወደ ቢሮ ቢልኩም፣ ሕጉ "ሰውን ሰው ሊያየው ይገባል" ስለሚል ሰው ይላካል። መዛኙ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ያያል፣ ይሄዳል። የሚያየውን ሁሉ ኮሌታው ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት አብራው ታያለች። የሕንፃው ሰው ለዚህ ቀን የታወቀ ብልሃት አለው። ደህና ደህናውን ዕቃ ወደ ሌላ ፎቅ ያሸሻል፣ አንሶላውን በአሮጌ ይቀይራል፣ ምድጃውን ከማታው ጀምሮ ያቀዘቅዛል።

"ውኃ እንኳ እንዳታቀርቢ" አለቻት ሂክማ በዋዜማው። "ዘንድሮ እንግዳ የሚያስተናግድ ቤት ላይ ጨክነዋል አሉ።"

"ምን አለኝና ነው የማቀርበው?"

"አውቅሻለሁ እኮ ኤልዱ! ስለማውቅሽ ነው የምልሽ።"

"ለኪሩ ስል ድንጋይ እሆናለሁ። ዓይኔን ግንባር ያርገው!"

መዛኟ ሰኔ አሥራ ሰባት መጣች። በዚያን ቀን ሊፍቱ ቆሟል፣ ዝናቡም ከንጋት ጀምሮ አላባራም። ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላት ቀጭን ልጅ ሃያ ሦስት ፎቅ በእግሯ ወጥታ፣ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፎ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ የበሩን መቃን ተደግፋ ቆማለች።

"የሺመቤት እባላለሁ። ለዓመታዊ ምዘና ነው የመጣሁት፣ እማማ።"

"ውይ በሞትኩት! ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የራስሽው? ግቢ ልጄ፣ ግቢ!"

የድንጋይነቱ ነገር እዚያው በሩ ላይ አበቃ።

የሺመቤት በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ኪሩቤልን ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችው። አልጋውን አየች፣ ድስቱን አየች፣ ጥግ ላይ የታጠፈውን ብርድ ልብስ አየች። ኤልዳና ፎጣ ሰጠቻትና ፊቷን ስትጠርግ ቆማ ተመለከተቻት። የልጅቷ ሆድ ጮኸ። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ሦስቱም ሰሙት፤ ሦስቱም እንዳልሰሙ ሆኑ።

ኤልዳና የምግብ መደርደሪያዋን ከፈተች። ያለው ከትናንት የተረፈ ግማሽ እንጀራና ጨው ነው። ዘጋችው። ባሏን አየችው። ኪሩቤል በግራ ዓይኑ "ተይ" አላት፤ አሳምራ ገብቷታል። "መጣሁ ልጄ" ብላ ወጣች።

"ሂኩ፣ እንግዳ መጣብኝ" አለች የጎረቤቷን በር ገፋ አድርጋ።

ሂክማ መዛኟን ደረጃው ላይ አይታት ነበር። "ምን ብዬሽ ነበር?" ልትላት አፏን ከፈተች።

"ብስብስ ብላለች። ሆዷ ይጮኻል፤ የሰው ልጅ እኮ ናት።"

ሂክማ አፏን ዘግታ ወደ ምድጃዋ ዞረች። ለራሷ የጋገረችው ፈጢራ ነበር፤ እንቁላል ገብቶበታል። ከቁም ሣጥኗ ጀርባ ደግሞ ለሳል ብላ የደበቀችው የንብ ማር ነበራት። የንብ ማር በዚያ ዘመን ሐኪም ካላዘዘ አይገኝም። ፈጢራው ላይ አፈሰሰችበት። አሰብ አደረገችና የጠረጴዛ ልብሷንም ጨመረችላት። "ባዶ እንጨት ላይ ማር አይቀርብም" አለች። ሁለቱም በዚያች ሰዓት አንድ ዓይነት ሞኞች ነበሩ፣ ሁለቱም ደግሞ ደስ ብሏቸው ነበር።

የሺመቤት ትሪው ሲቀርብ ስታይ ከበርጩማዋ ተነሳች።

"አይ፣ አልበላም እማማ። እግዜር ይስጥልኝ።"

"እንዴ! አፈር ስሆን! ቁጭ በይ!"

"በልቼ ነው የመጣሁት፤ እውነቴን ነው።"

"በሞቴ! አንዲት ቁራሽ!"

ልጅቷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እማማ፣ እባክዎን ያንሱት። ለእርስዎ ብዬ ነው" አለች።

እንግዳ ሦስት ጊዜ እምቢ ይላል። ገና በመጀመሪያው እጁን የሚሰድ እንግዳ አሳዳጊ የበደለው ይባላል። ሦስተኛው እምቢታ ላይ ባለቤት ከተወ ደግሞ ነውሩ የባለቤት ነው፣ "ከአንገት በላይ ጋበዘችኝ" ያሰኛል። ኤልዳና ይህን ከእናቷ ጓዳ ተምራ ያደገች ሰው ናት። "ለእርስዎ ብዬ ነው" የሚለውንም ሰምታዋለች። ስንት እንግዳ ነው "እንዳላስቸግር ብዬ ነው" እያለ የተግደረደረባት! ስለዚህ ማር የጠጣውን ፈጢራ ቆረሰችና ጉርሻውን ይዛ ወደ ልጅቷ አፍ ሄደች። አፍ ድረስ የመጣ ጉርሻ አይመለስም። የሺመቤትም ይህንኑ ተምራ ያደገች ናት። አረንጓዴዋን መብራት ቁልቁል አየቻት፤ ከዚያ አፏን ከፈተች።

የቀረውን ቀስ ብላ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ሙልጭ አድርጋ በላችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ኤልዳና ይህን ከረሃቧ ቆጥራላት፣ ልጅቷ አንጀቷን በላቻት፤ ስትወጣም እስከ ደረጃው ድረስ ሸኘቻት።

ሰኔ ሃያ አምስት ቀን በሩ ላይ ጽሑፍ ወጣ። "ለእንግዳ የሚተርፍ ምግብ ያለው ቤት። ከሐምሌ 1 ጀምሮ ስልሳ ሴንቲ ሜትር ይቀነሳል።"

ኤልዳና እጇን ዘርግታ አየር ላይ ለካችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከአምስት ሦስት ሲወጣ ሁለት ይቀራል። ሁለት ስንዝር ላይ እሷ በጎን ትቆማለች እንጂ ጎንበስ አትልም።

"ስንት ይላል?" አለ ኪሩቤል ከአልጋው።

"ቆይ፣ ሄጄ አናግራቸዋለሁ" አለችው። አለመንገሯ ነገረው።

የአቤቱታ ክፍሉ ረጅም ኮሪደር ነው። በኮሪደሩ ዳር መስኮቶች ተደርድረዋል፤ ከመስኮቶቹ ኋላ ግን ሰው የለም፣ ድምፅ ነው ያለው። ድምፁ ጨዋ ነው፣ አይቸኩልም፣ አንቺ አይልም። ኤልዳና ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ተሰልፋ ደረሳት።

"ምግቡ የእኔ አልነበረም" አለች መስኮቱን በሁለት እጇ ይዛ። "እኔ ቤት ግማሽ እንጀራ ነው የነበረው። ለእንግዳ ብዬ ከሰው ቤት አምጥቼ ነው።"

"ይህ ጠቃሚ መረጃ ነው። ውሳኔውን እንደገና ለማየት ያስችላል" አለ ድምፁ። "ምግቡ የማን ነበር?"

ኤልዳና የሂክማን ስም ልትጠራ አፏን ከፈተችና ድንገት አንድ ነገር አሰበች።

"ብነግራችሁ ያ ሰው ምን ይሆናል?"

"ለሌላ የሚተርፈው ቤት ተብሎ ይመዘገባል።"

"ከዚያስ?"

"እንደ ማንኛውም ቤት ይመዘናል።"

የሂክማ የስፌት መኪና የቆመው ግድግዳውን ታኮ ነው። ከመኪናው ወዲያ ፍራሿ አለ፣ ከፍራሿ ወዲያ በሩ። ሁለት ስንዝር ቢወሰድባት ወይ መኪናው ይወጣል ወይ እሷ። ኤልዳና ከመስኮቱ ፊት ብዙ ቆመች። ከኋላዋ የተሰለፉት ማጉረምረም ጀመሩ። ባሏ አልጋው ላይ ታያት፤ ሂክማ መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ታየቻት። ሁለቱንም ማዳን የምትችልበት ቃል ፈለገች፤ አላገኘችም።

"የማን እንደነበር አላስታውስም" አለች በመጨረሻ።

"ስላመለከቱ እናመሰግናለን" አለ ድምፁ።

ስትወጣ የቢሮው ደረጃ ላይ የሺመቤትን አገኘቻት። ልጅቷ መጀመሪያ ፊቷን ልታዞር ነበር፤ ከዚያ ይሉኝታ ያዛትና ቆመች።

"ነግሬዎት ነበር እማማ" አለች። "ሦስት ጊዜ ነግሬዎት ነበር።"

"የተግደረደርሽ መስሎኝ ነው ልጄ።"

"እንደሚመስልዎት አውቅ ነበር። ማስረዳት ግን አይፈቀድልኝም።" ኮሌታዋን በጣቷ ነካችው፤ መብራቷ በርታለች።

"አትበይም ነበር ታዲያ!"

"አፌ ድረስ አምጥተውልኝ?" አለች የሺመቤት። "ደግሞም ርቦኝ ነበር።"

ኤልዳና ልትቆጣት ፈልጋ ነበር፤ ቁጣው አልመጣ አላት። ልጅቷን ትከሻዋ ላይ መታ መታ አድርጋት ወረደች። በመንገዱ ሁሉ ያናደዳት ይህ ነበር፤ የምትረግመው ሰው ማጣቷ።

ቤቷ ስትደርስ ሂክማ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃታለች። ፊቷ ፈክቷል።

"ጨረስኩልሽ!" አለቻት። "ጠዋት አንቺ ስትወጪ እኔም ሄጄ በቢሮው በሌላኛው በር ገባሁ። ፈጢራውም ማሩም የእኔ ነው፣ የጠረጴዛ ልብሱም የእኔ ነው፣ እሷ ምንም የላትም ብዬ አሻራዬን አድርጌ መጣሁ።"

ኤልዳና የደረጃውን ብረት ይዛ እዚያው ቁጭ አለች። "ሂኩ፣ ምን አደረግሽ? እኔ እኮ ስምሽን ደብቄ መምጣቴ ነው!"

"ለምን ትደብቂያለሽ?"

"መኪናሽስ?"

"መኪናዬ ብረት ነው። ኪሩ ሰው ነው" አለች ሂክማ። ከዚያ ደነገጠችና፣ "ምን፣ መኪናዬ ምን ይሆናል?" ብላ ጠየቀች።

መልሱ ሰኔ ሠላሳ ቀን በሁለቱም በሮች ላይ ወጣ። የሂክማ በር፣ "ለሌላ የሚተርፈው ቤት። አርባ ሴንቲ ሜትር ይቀነሳል" ይላል። የኤልዳና በር፣ "ውሳኔው ጸንቷል። በችግር ጊዜ የሚደርስላቸው ጎረቤት ያላቸው መሆኑ በምስክር ተረጋግጧል" ይላል። ሁለቱ ሴቶች የየራሳቸውን አንብበው የሌላዋን ለማንበብ ቦታ ተለዋወጡ። ሂክማ ሁለት ጊዜ አነበበችው። "እኔን ነው እንዴ የሚለው?" አለች።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንደሚባለው ሐምሌ አንድ ቀን ደረሰ። ሂክማ የራሷ ግድግዳ በዚያው ሰዓት እንደሚሄድ እያወቀች፣ መኪናዋን እንኳ ሳታነሳ ወደ ኤልዳና መጣች። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ አልጋውን አዟዟሩት። በቁመቱ አደረጉት፤ በሩን ዘጋ። በአግድሙ አደረጉት፤ ጎኑ ጠፋ። አንድ ጊዜ ፍራሹን ከነሰውየው መሬት ለማውረድ ሞከሩ፤ ሁለት የደከሙ ሴቶች ከስልሳ ኪሎ በላይ አንስተው አያወርዱም። ኪሩቤል የሚሉትን ሁሉ እሺ እያለ ይታዘዛቸው ነበር።

አራት ሰዓት ሲሆን ግድግዳው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወደ ኤልዳና መጣ፣ ሌላው ወደ ሂክማ ሄደ፤ በመካከል ማንም የማይኖርበት አምስት ስንዝር ጨለማ ቀረ። ከሂክማ ቤት ብረት ሲንኳኳ ተሰማ። መኪናው ወድቆ ነበር። ሂክማ ልትሄድ ተነሳችና መልሳ ተቀመጠች።

ኤልዳና በቀረው ቦታ በጎኗ ገባች። ጉልበቷን ፍራሹ ላይ ልታወጣ ስትል ጀርባዋ ግድግዳው ጋ ይላተማል። በግርጌ በኩል ሞከረች። በራስጌ በኩል ሞከረች። ትከሻውን ያዘችና ሳበች፤ ግማሽ ድረስ ዞሮ ከእጇ አመለጠና ተመልሶ በጀርባው ወደቀ። ደግማ ሳበችው። ላቧ ፊቱ ላይ ጠብ ጠብ ይል ነበር።

"ተይ ኤልዱ" አላት ኪሩቤል። "ስንት ቤት እንዲህ ታግዬ መሰለሽ። የማይገባ አይገባም።"

"ይገባል!"

"አይገባም የኔ እመቤት። እኔ ለክቼዋለሁ።"

ያኔ ነው ያለቀሰችው፣ ግድግዳውን በቡጢ እየመታች። ግድግዳው ለመመታት የተሠራ ነውና ምንም አልሆነም።

ከጣቢያው ሁለት ሰዎች በሦስተኛው ቀን መጡ። ጨዋ ልጆች ናቸው፤ ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ፣ "እንደምን አደሩ አባባ" ብለው ሳሙት። ሲያነሱትም እንዳያመው ተጠንቅቀው ነበር። የፎቁ ሰው በየበሩ ወጥቶ ቆመ። ሰው ሞቶ ከቤት ሲወጣ ምን እንደሚደረግ ሁሉም ያውቃል፤ ይለቀሳል፣ ደረት ይመታል፣ ወንዶቹ ተሽቀዳድመው ይሸከማሉ። ሰው ሳይሞት ሲወጣ ግን ወጉ አልተሠራለትም። ስለዚህ ቆመው አዩት። ኪሩቤል በግራ እጁ የኤልዳናን ጣት ይዞ ነበር፤ ቃሬዛው ደረጃው ጋ ሲታጠፍ ጣቱ ተላቀቀ።

"ዝናብ ነው፤ አትከተይኝ" አላት። ተከተለችው፤ ሃያ ሦስቱንም ፎቅ ወርዳ መኪናው እስኪሰወር ቆማ ብቻዋን ወጣች።

ነሐሴ አንድ ቀን ኤልዳና ዕቃዋን ወደ መሀል አልጎተተችም። ከዚህ ወዲያ ምን ይወሰድብኛል ብላ ተቀምጣ ነበር። አራት ሰዓት ሲሞላ ግድግዳው ከአልጋው ሸሸ። ሁለት የነበረው ሦስት ሆነ፣ አራት ሆነ፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። መካከል ላይ የነበረውን ጨለማ በሙሉ ውጦ ከሂክማ ግድግዳ ጋር ገጠመና ቆመ። በሩ ላይ፣ "ረዳት በቤት የሌላት ብቸኛ አረጋዊት። ጉድለት ከፍተኛ" የሚል ወጣ።

እንዲህ ያለ ስፋት ብዙ ጊዜ አይታይም። የፎቁ ሴቶች ወሬውን ሰምተው መጡ፤ እንደ ወጉም በሩ ላይ "ቤት ለእንቦሳ!" አሉ። ለዚህ ደግሞ መልሱ አንድ ነው። "እንቦሳ እሰሩ" አለቻቸው ኤልዳና። ሴቶቹ ገብተው ባዶውን አልጋ ሲያዩ ደስታቸውን አፈሩበት፤ ሳይቀመጡ ተሰናብተው ወጡ።

በማግስቱ ወደ መስኮቱ ሄደች።

"አሁን ቦታ አለኝ። ባሌን ልመልሰው እችላለሁ?"

"መብትዎ ነው" አለ ድምፁ። "አንድ ሕመምተኛ አንድ ጊዜ ወደ ቤቱ መመለስ ይችላል። ሲመለሱ ቤቱ የሁለት ሰው ቤት ይሆናል፣ የቀድሞው ውሳኔም ይጸናል።"

"ይጸናል ማለት ምን ማለት ነው?"

"በተከታዩ ወር መባቻ ግድግዳው ወደ ነበረበት ይመለሳል።"

"ወደ ሁለት ስንዝር?"

"ወደ አርባ ሴንቲ ሜትር።"

ኤልዳና ሊገባት ጊዜ አልፈጀባትም። እሱ ከሌለ ለእሱ የሚበቃ ቦታ አለ፣ እሱ ከመጣ የለም። አሁኑኑ ብታመጣው እስከ መስከረም መባቻ ይቆይላታል፤ ጳጉሜ አጭር ስለሆነች ግድግዳ አይሄድባትም። ከዚያ እነዚያው ልጆች መጥተው ጫማቸውን በር ላይ ያወልቃሉ፤ የሁለተኛው መውጣት ግን መመለሻ አይኖረውም። አንዷን ዕድል ዛሬ ትጠቀምባት ወይስ ታቆያት? የሚያማክራት ሰው ፈልጋ ወደ መስኮቱ አየች። ድምፁ የሚቀጥለውን ባለጉዳይ ጠራ።

የጉብኝቱ ቀን ሲደርስ በአውቶቡስ ሄደች። ጣቢያው አንድ ትልቅ አዳራሽ ነው፤ አልጋዎቹ ተራርቀው ተደርድረዋል፣ በየመሀላቸው ሰው ተጋድሞ የሚተርፍ ቦታ አለ። ኪሩቤል ከስቷል፤ ጢሙን ሌላ ሰው ላጭቶታል፣ አገጩ ሥር ትቶለታል። ኤልዳና ስትቀርበው ከሰላምታው በፊት ጠየቃት።

"ግድግዳው እንዴት ሆነ? አጣበበሽ?"

በመንገድ ላይ ልትዋሸው አስባ ነበር። ፊቱን ስታይ አልሆነላትም።

"ሄደ" አለችው።

"ወዴት?"

"ወደዚያ። ሰባት ሆነ።"

"ሰባት!" የፊቱ ግራ ጎን በሙሉ ሳቀ። "ሰባት ስንዝር! አላልኩሽም? እነሱም ሰው ናቸው፣ ተሳስተው ነው፣ ያስተካክሉታል አላልኩሽም?"

አላላትም ነበር። "ብለኸኛል" አለችው።

ኪሩቤል ዓይኑን ጨፈነ። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ጀመር፤ ቤቷን ውስጡ ሆኖ እየለካ ነበር። "ስሚ፣ አልጋውን አዙሪው። ራስጌውን ወደ በሩ፣ ግርጌውን ወደ መስኮቱ። እንደዚያ ካደረግሽ በዚህ በኩል አራት፣ በዚያ በኩል ሦስት ይተርፍሻል። በሦስቱ በኩል የሂክማን መኪና አስገቢላት፣ እዚያ ትስፋ። በአራቱ በኩል አንቺ ታገላብጪኛለሽ። ወገብሽም ያርፋል።"

"እሺ።"

"ብርሃንም ይገባልኛል።"

"ይገባልሃል።"

"መቼ ነው የምትወስጂኝ?"

ኤልዳና አገጩ ሥር የቀረውን ጢም በጣቷ ዳሰሰች። ደስታው ገና ከፊቱ አልወረደም ነበር።

"መጀመሪያ አልጋውን ላዙረው" አለችው።

"ብቻሽን እንዳትገፊው። ሂክማን ጥሪያት።"

"እጠራታለሁ።"

በነጋታው ሁለቱ ሴቶች አልጋውን አዞሩት፤ ራስጌውን ወደ በሩ፣ ግርጌውን ወደ መስኮቱ። ኤልዳና ጎንበስ ብላ በሁለቱም ጎን ለካች። በዚህ በኩል አራት፣ በዚያ በኩል ሦስት፣ አንድ ጣት እንኳ አልተሳሳተም። የታጠበ አንሶላ አወጣች። ሂክማ በዚያኛው በኩል ሆና ጫፉን ያዘችላትና አብረው አነጠፉት፤ መቼ እንደሚመጣ ግን አልጠየቀቻትም።